አራት ኮከብ፣ ሦስት ደሴት

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ብዙም ሳይርቅ ሦስት ጠላፊዎች ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ገቡ። አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ ለዚያ እንደማይበቃ ቢያስረዱም ሰሚ አላገኙም። ጠላፊዎቹ አውሮፕላኑ ሳያርፍ ስንት ሰዓት መብረር እንደሚችል ከአየር መንገዱ መጽሔት ላይ አንብበው ነበርና ካፒቴኑ የሚዋሹ መሰላቸው። ካፒቴኑም የአፍሪካን ጠረፍ እየተከተሉ ወደ ደቡብ በረሩ። ጠላፊዎቹ መሬቱ ከመስኮቱ እንዳልጠፋ ሲነቁ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ውቅያኖሱ እንዲታጠፉ አስገደዷቸው። ከዚያ በኋላ ፊት ለፊት ያለው ውሃ ነው። በዚያ ሁሉ ውሃ መካከል ሊደረስባቸው የሚችሉት በሞዛምቢክና በማዳጋስካር መሐል፣ በሰርጡ ሰሜናዊ አፍ ላይ የተዘረጉት አራቱ ትንንሽ የኮሞሮስ ደሴቶች ብቻ ነበሩ።

ሞተሮቹ ተራ በተራ ጠፉ። ካፒቴኑ ያለሙት በግራንድ ኮሞር ደሴት ላይ የሚገኘውን የሐሃያ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ግብግብ ተነሳና ማረፊያው ከዓይናቸው ተሰወረ። አውሮፕላኑ በደሴቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ጋላዋ ከተባለው ሆቴል ፊት ለፊት፣ ክንፉ ባሕሩን እየላጨ ወደቀ። ተሳፍረው ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። 50ዎቹ የተረፉት ከባሕር ዳርቻው በጀልባ ፈጥነው በደረሱ ቱሪስቶችና የአካባቢው ሰዎች እጅ ነው። ከሞቱት አንዱ የ1977ቱን የኢትዮጵያ ረሃብ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ነበር።

አደጋውን አንዲት ቱሪስት በቪዲዮ ቀርጻዋለች። ለብዙ ኢትዮጵያዊ ኮሞሮስ እዚያ ቪዲዮ ላይ ተጀምራ እዚያው ታልቃለች። ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሐሃያ መደበኛ በረራ አለው፤ ኮሞሮስ የአፍሪካ ኅብረት አባል እንደመሆኗም ሰንደቋ አዲስ አበባ ውስጥ ይውለበለባል። ያንን ሰንደቅ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አራት አግድም ቀለማት፣ በአረንጓዴው ሦስት ማዕዘን ውስጥ ደግሞ ጨረቃና አራት ኮከቦች ያገኛል። ቢጫው ሞሄሊ ነው፤ ነጩ ማዮት፣ ቀዩ አንዡዋን፣ ሰማያዊው ግራንድ ኮሞር። ከእነዚህ ሦስቱን የሚያስተዳድረው ሞሮኒ የተቀመጠው የኮሞሮስ መንግሥት ነው። አራተኛዋን፣ ነጯን፣ ፈረንሳይ ይዛታለች፤ እዚያ ያለው ገንዘብ ዩሮ፣ ያለው ፖሊስ የፈረንሳይ ዣንዳርም ነው።

ይህ እንዴት ሆነ ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛው ሰው ከፖለቲካው ይጀምራል፤ ከቅኝ ግዛት፣ ከሕዝበ ውሳኔ፣ ከመፈንቅለ መንግሥት። እኔ ከድንጋዩ ዕድሜ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አራቱም ደሴቶች ከባሕር ወለል በእሳተ ገሞራ የተወለዱ ናቸው፤ ነገር ግን እኩያሞች አይደሉም። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በሄድን ቁጥር በጥቅሉ ዕድሜያቸው ይጨምራል። በምዕራብ ጫፍ ያለችው ግራንድ ኮሞር፣ በአገሬው አጠራር ንጋዚጃ፣ የሁሉም ታናሽ ናት፤ እሳቷ ገና አልበረደም። በምሥራቅ ጫፍ ያለችው ማዮት፣ በአገሬው አጠራር ማኦሬ፣ የሁሉም ታላቅ ናት። እሳተ ገሞራ ሲያረጅ በዝናብና በነፋስ ይሸረሸራል፤ በራሱ ክብደትም ቀስ በቀስ ወደ ባሕሩ ይሰምጣል። ዙሪያውን የሚያድገው ኮራል ግን አብሮት አይሰምጥም፤ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይሠራል። ከብዙ ሺህ ዘመናት በኋላ በዳርቻውና በኮራሉ አጥር መካከል ማዕበል የማይደርስበት ሰፊ ጸጥ ያለ ውሃ ይፈጠራል። ማዮት ራሷ 374 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ስትሆን በአጥሯ ውስጥ የተከለለው ውሃ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሌሎቹ ሦስቱ እንዲህ ያለ ግቢ የላቸውም። የሁለት መቶ ዓመቱ ታሪክ ከዚህ ልዩነት ብዙም አይርቅም።

ዝናብ አለ፣ ወንዝ የለም

ግራንድ ኮሞርን ከደቡብ የሚጫናት ካርታላ 2,361 ሜትር ከፍታ አለው። አናቱ ላይ ያለው ገደል ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ስፋት ያለው፣ በዓለም ካሉት ትላልቅ የእሳተ ገሞራ አፎች የሚቆጠር ነው። በምዕራባዊ ገጹ በዓመት ከ5,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድባቸው ቦታዎች አሉ። ይህ ሁሉ ዝናብ ወርዶ ግን በደሴቲቱ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ የለም። ድንጋዩ ገና አዲስ፣ ገና ቀዳዳ የሞላው ስለሆነ ውሃው እንደወረደ ይሰርጋል፤ የሚወጣው ባሕር ዳር ነው፣ እዚያም ጨው ተቀላቅሎበት።

ስለዚህ በብዙ መንደር ያለ ቤት ከጣሪያው በአሸንዳ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ በሲሚንቶ ገንዳ ያጠራቅማል። የሚጠጣው እሱ ነው፣ የሚታጠበው እሱ ነው፣ ከብት የሚያጠጣውም እሱ ነው። በሚያዝያ 2005 ካርታላ ሲፈነዳ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከምሥራቁ ተዳፋት ሸሹ። የዚያው ዓመት ኅዳር ሲደገም የወጣው አመድ በየገንዳው ገባና ከ100,000 በላይ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ተበላሸ። ከእሳተ ገሞራ የሚጠበቀው ቅልጥ ድንጋይ ነው፤ እዚህ ሰውን ያስጨነቀው ጣሪያ ላይ ያረፈው አቧራ ነበር።

ዋና ከተማዋ ሞሮኒ በዚህ ተራራ ሥር፣ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አሮጌው የዓርብ መስጊድ ነጭ ቅስቶቹን ወደ ወደቡ አዙሮ ይታያል፤ ከኋላው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ የመዲና መተላለፊያዎች አሉ። ሕዝቡ ሙስሊም ነው፣ ቋንቋው ከስዋሂሊ ጋር የሚዛመድ ባንቱ፣ አገሪቱም ከ1993 ጀምሮ የዓረብ ሊግ አባል ናት። ሆኖም ቤት የሚወረሰው በእናት በኩል ነው። ልጅቱ ስታገባ ቤቱ የሷ ነው፤ ባል ወደ ሚስቱ ቤት ይገባል። የተከበረ ሰው ለመባል ደግሞ ታላቁን ሠርግ፣ አንዳን፣ መደገስ ግድ ነው። ድግሱ ለዓመታት የተጠራቀመ ገንዘብ ይበላል፤ የገንዘቡም አንድ ምንጭ ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ከተማ የሚሠራው ኮሞሮሳዊ ነው። በአገሪቱ ኢኮኖሚ ውስጥ ከቫኒላውና ከቅርንፉዱ ሁሉ የሚበልጠው ከውጭ የሚላከው ገንዘብ መሆኑን ሳስብ፣ የዚህች አገር አምስተኛ ደሴት ማርሴይ ናት ቢባል የሚከራከር የሚኖር አይመስለኝም።

ተዳፋት ላይ

አንዡዋን ሌላ ናት። ስፋቷ 424 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ በ2017 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ ከ327,000 በላይ ነው። ሜዳ የላትም ማለት ይቻላል፤ ከባሕሩ ተነስታ በቀጥታ ወደ 1,595 ሜትሩ የንቲንጊ ጫፍ ትወጣለች። እሳቷ ከበረደ ስለቆየ አፈሩ ውሃ ይይዛል፣ ወንዝም ነበራት። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሕንድ የሚጓዙ የእንግሊዝ መርከቦች ሙትሳሙዱ ወደብ የሚቆሙት ለዚህ ውሃ ነበር። በርሜላቸውን ሞልተው፣ ብርቱካንና ከብት ሸምተው፣ ለሱልጣኑ እጅ መንሻ ሰጥተው ያልፋሉ።

ዛሬ ከእነዚያ ወንዞች አብዛኞቹ የሚፈሱት በዝናብ ወራት ብቻ ነው። ሰው በዛ፣ እርሻው ወደ ላይ ወጣ፣ ደኑ ጠፋ። ከጫካው ጠላቶች አንዱ፣ የሚገርመው፣ ሽቶ ነው።

ኢላንግ ኢላንግ የሚባለው ዛፍ ቢተዉት ረጅም ይሆናል። የአንዡዋን ገበሬዎች ግን አናቱን እየቆረጡ ቅርንጫፎቹን ወደ መሬት ስለሚያጎብጡት ቁመቱ ከሰው ራስ ብዙም አይበልጥም፤ ግንዱ ቋጠሮ በቋጠሮ ሆኖ ይጠመዘዛል። የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው። ሥራው የሚጀመረው ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ የአበባውን መዓዛ ሳታተንነው ነው። ረዘም ያሉ፣ የሚንጠለጠሉ ቅጠሎች ያሉት አበባ አረንጓዴነቱን ለቆ ወደ ቢጫ ሲያደላና ከሥሩ ቀላ ያለ ነጥብ ሲያወጣ ደርሷል ይባላል። ከዚያ በኋላ ጊዜ አይሰጥም። ጠዋት የተለቀመው በዚያው ዕለት ወደ መዳብ ወይም ብረት ጋን ይገባል፣ ከሥሩ እሳት ይነድዳል፣ እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በሚያልፍ ቧንቧ ይወርዳል፤ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ዘይት ኤክስትራ ይባላል፤ የፓሪስ ሽቶ ቤቶች ውድ ዋጋ የሚከፍሉት ለሱ ነው። ከዚያ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ደረጃ እያለ ዋጋው ይወርዳል፤ ሳሙና ፋብሪካ የሚሄደው የመጨረሻው ነው። አንድ ማውጣት ሃያ ሰዓት ገደማ ሊፈጅ ይችላል፤ ያን ያህል ጊዜ የሚነድደው እንጨት ከዚያው ተዳፋት ላይ የሚቆረጥ ነው። ኮሞሮስ ከዓለም ዋነኞቹ የኢላንግ ኢላንግ አምራቾች አንዷ ናት፤ የወንዞቿ ዋጋ ግን በጠርሙሱ ላይ አልተጻፈም።

ሞሄሊ፣ የትንሿ ደሴት ታሪክ፣ አጭር ነው። ሕዝቧ በ2017 ከ52,000 ያነሰ ነበር። ቦታ አላት፣ ውሃ አላት፣ ጫካ አላት፤ በደቡብ ጠረፏ ላይ የአገሪቱ የመጀመሪያው የባሕር ፓርክ በ2001 ተቋቁሟል። ኢትሳሚያ በተባለው መንደር ሌሊት ሌሊት እንቁላል ሊጥሉ የሚወጡትን የባሕር ኤሊዎች የሚጠብቁት የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ማንም የማይጣላት ደሴት ናት፤ ምናልባት ለዚህ ነው ማንም የማይጽፍላት።

ጸጥ ያለው ውሃ የሳበው

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ከማዳጋስካር በታንኳ የሚመጡ ባሪያ ፈንጋዮች ደሴቶቹን አራቆቷቸው። በጣም የተጎዳችው ለማዳጋስካር የቀረበችው ማዮት ነበረች። ሕዝቧ አልቆ፣ ሥልጣኑ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲዞር ቆይቶ በመጨረሻ ከማዳጋስካር ተሰዶ በመጣ አንድሪያንትሶሊ በሚባል የሳካላቫ ገዢ እጅ ገባች። ይህ ሰው ዙሪያውን ጠላት ነበረው። በ1841 ለዓመታዊ ጡረታ ብሎ ደሴቲቱን ለፈረንሳይ አሳልፎ ሰጠ።

ፈረንሳይ ለምን ፈለገቻት? ከናፖሊዮን ጦርነቶች በኋላ ሞሪሸስን ከነወደቧ ለእንግሊዝ አስረክባ ነበር። በእጇ የቀረችው ሬዩኒየን ደግሞ በጊዜው መርከብ የሚጠለልበት የረባ ወደብ አልነበራትም። የማዮት የኮራል አጥር ግን አንድ የጦር መርከብ ጓድ ሙሉ ከአውሎ ነፋስ ይሸሽጋል። ሌሎቹን ሦስቱን በሞግዚትነት የያዘቻቸው ከ45 ዓመት በኋላ፣ በ1886 ነው። በ1912 አራቱም በአንድ ቅኝ ግዛት ሥር ከማዳጋስካር ጋር ተቀላቀሉ። የኮሞሮስ አስተዳደር መቀመጫ ማዮት አጠገብ ያለችው ትንሿ ዛውድዚ ሆነች።

የማዮት ቁጣ የተጠነሰሰው ከዚህ ነው። በ1958 የግዛቱ ምክር ቤት ዋና ከተማው ወደ ሞሮኒ እንዲዛወር ወሰነ፤ ዝውውሩ በ1960ዎቹ ተፈጸመ። ለሞሮኒ ሰዎች ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሕዝቡ የሚበዛው እነሱ ዘንድ ነው። ለማዮት ግን ደመወዝ፣ ገበያና ባሎች ተጭነው ሄዱ። የተነሱት ሴቶቹ ነበሩ። ዜና ምዴሬ በምትባል ሴት የሚመሩት እነዚህ ሴቶች ከሞሮኒ የመጣ ባለሥልጣን ባገኙ ቁጥር ይከቡትና ይኮረኩሩታል። ሰውየው መቆጣት አይችል፣ መምታት አይችል፤ እየተንፈራፈረ ወደ መጣበት አውሮፕላን ወይም ጀልባ ይመለሳል። በአፍሪካ የፖለቲካ ትግል ታሪክ ውስጥ ደም ሳያፈስ ይህን ያህል የተሳካ ስልት ብዙ አላውቅም። የተሳካበትን ዓላማ መውደድና አለመውደድ ሌላ ጉዳይ ነው።

ታኅሣሥ 1974 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ በጠቅላላው ከ100 ሰው 95 ያህሉ ነፃነትን መረጠ። ማዮት ላይ ግን ከ60 በመቶ በላይ አንፈልግም አለ። ክርክሩ ድምፁ በአንድ ላይ ይቆጠር ወይስ በየደሴቱ የሚል ነበር። የፓሪስ ፓርላማ በየደሴቱ ወደሚለው ሲያዘነብል የግዛቱ መሪ አሕመድ አብደላ ሐምሌ 6 ቀን 1975 የአራቱንም ነፃነት በራሳቸው አወጁ። አንድ ወር ሳይሞላ ተገለበጡ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ስሙ የሚነሳው ፈረንሳዊው ቅጥረኛ ወታደር ቦብ ዴናር ነው። በ1978 አብደላን መልሶ ሥልጣን ላይ ያወጣው እሱ፣ በ1989 ፕሬዚዳንቱ ሲገደሉ የክብር ዘቡን የሚመራው እሱ፣ በ1995 በጀልባ መጥቶ መንግሥቱን እንደገና የገለበጠውም እሱ ነው። የተሳኩትና ያልተሳኩት ሲደመሩ ኮሞሮስ ከ20 በላይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራዎችን አይታለች።

ማዮት በየካቲት 1976 ለብቻዋ ድምፅ ሰጥታ 99 በመቶ ያህሉ ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን መረጠ። በፀጥታው ምክር ቤት ለኮሞሮስ የቀረበውን የውሳኔ ሐሳብ 11 አገሮች ሲደግፉት ፈረንሳይ ድምፅን በድምፅ በመሻር መብቷ ጣለችው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ግን ማዮት የኮሞሮስ ናት የሚል ውሳኔ ደጋግሞ አሳልፏል። የሞሮኒ መከራከሪያ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1964 ካይሮ ላይ ያጸናው መርህ ነው፤ ነፃ የወጣ አገር የቅኝ ግዛት ወሰኑን ይዞ ይወጣል። የማዮት መከራከሪያ ሕዝብ ተጠይቆ መልሷል የሚል ነው። በ2009 እንደገና ተጠይቆ 95 በመቶው የፈረንሳይ ዲፓርትመንት እንሁን አለ፤ በ2011 ሆነች፣ በ2014 የአውሮፓ ኅብረት አካል ሆነች። ሁለቱም መርሆዎች እኛ አገርም የሚታወቁ ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ማርካት ያልተቻለው ኮሞሮስ ላይ ብቻ አይደለም።

የአንዡዋን ነገር ጉዳዩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። በ1997 አንዡዋንና ሞሄሊ ከሞሮኒ ተገንጥለናል አሉ። አንዡዋን ከዚያም አልፋ ወደ ፈረንሳይ ልመለስ ብላ ጠየቀች፤ ፓሪስ አልተቀበለቻትም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሐል ገብቶ በ2001 ሞሄሊ ላይ፣ ፎምቦኒ ከተማ፣ ስምምነት ተፈረመና የፕሬዚዳንትነቱ ወንበር በደሴቶቹ መካከል እንዲዞር ተወሰነ። ያም ሆኖ በ2008 የአንዡዋኑን መሪ ሞሐመድ ባካርን ለማውረድ የታንዛኒያና የሱዳን ወታደሮች ያሉበት የአፍሪካ ኅብረት ኃይል ደሴቲቱ ላይ መውረድ ነበረበት። ባካር ያመለጠው በጀልባ ወደ ማዮት ነው። በ2018 ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ አንድ ፕሬዚዳንት ሁለት ዘመን እንዲቀመጥ ተፈቀደ። የዚያ ማሻሻያ ተጠቃሚ ፕሬዚዳንት አዛሊ አሱማኒ በየካቲት 2023 አዲስ አበባ ላይ የኅብረቱን የሊቀመንበርነት መንበር ተረክበው ነበር።

ጎረቤት

ኮሞሮስ ብቻዋን አትኖርም፤ ከጎረቤት ጋር ያላት ታሪክም ሁሉ የዋህ አይደለም። ማዳጋስካር ውስጥ፣ ማሐጃንጋ ከተማ፣ ለትውልዶች የኖሩ ብዙ ኮሞሮሳውያን ነበሩ። በታኅሣሥ 1976 በተነሳ ግጭት ከ1,000 በላይ ያህሉ ተገደሉ። የተረፉትን ወደ ኮሞሮስ ያመላለሰው የቤልጅየሙ ሳቤና አየር መንገድ ስለነበር ተመላሾቹ እስከ ዛሬ ሳቤና ተብለው ይጠራሉ።

በባሕሩ ላይ ያለው ወሰን ደግሞ ከመሬቱ ይከብዳል። ከማዮት ሰሜን ምሥራቅ ያሉት የግሎሪየስ ደሴቶች በፈረንሳይ እጅ ናቸው፤ ማዳጋስካርም ኮሞሮስም የእኔ ናቸው ይላሉ። በአቅራቢያቸው ያለው ጌይሰር የሚባለው ኮራል ውሃው ሲጎድል ብቻ ብቅ የሚል ነው፤ እሱም ሦስት ባለቤት ነኝ ባዮች አሉት። የማይቆሙበት ድንጋይ ለምን ያጣላል ቢባል መልሱ ዙሪያው ያለው ባሕር ነው። በሰርጡ ማዶ፣ በሰሜን ሞዛምቢክ ባሕር ከ2010 ጀምሮ ብዙ የተፈጥሮ ጋዝ ተገኝቷል። ኮሞሮስ በ2011 ከሞዛምቢክና ከታንዛኒያ ጋር የባሕር ወሰኗን ተፈራርማለች። ከፈረንሳይ ጋር ልትፈራረም አትችልም፤ መፈራረም ማዮትን መልቀቅ ይሆንባታል።

ይህ ባሕር አንድ ጊዜ የዓለምን ዓይን የሳበው በሌላ ነገር ነበር። ሳይንቲስቶች ከዳይኖሰሮች ጋር ጠፍቷል ሲሉት የኖረው ሲላካንት የተባለ ዓሣ በ1938 ደቡብ አፍሪካ ላይ ተገኘ። ሁለተኛውን ለማግኘት ፕሮፌሰር ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪ 100 ፓውንድ ሽልማት የሚል ወረቀት በየጠረፉ ለጥፈው 14 ዓመት ጠበቁ። በ1952 የገና ሰሞን አንዡዋን ላይ ተገኘ ሲባል የደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ማላን የጦር አውሮፕላን ሰጧቸው። የደሴቲቱ ዓሣ አጥማጆች ግን ዓሣውን ያውቁታል፤ ጎምቤሳ ይሉታል፣ አልፎ አልፎ በመንጠቆ ይወጣል፣ ሥጋው አይወደድም።

70 ኪሎ ሜትር

ከአንዡዋን እስከ ማዮት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ 1994 መጨረሻ ሰዎች ገበያ፣ ሠርግና ለቅሶ ይመላለሱበት ነበር። በጥር 1995 የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ባላዱር መንግሥት ቪዛ ጣለ። ከዚያ ወዲህ መሻገሪያው ክዋሳ ክዋሳ የሚባለው፣ ጥቂት ሜትር ርዝመት ያለው የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ነው። በሌሊት ይወጣል፣ ከሚችለው በላይ ይጫናል፣ የማዮትን ራዳር ለማምለጥ ወደ ኮራሉ አጥር ይጠጋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚገለበጠውም እዚያ፣ ማዕበሉ በሚሰበርበት ነው። የፈረንሳይ ሴኔት በ2012 ባወጣው ሪፖርት ከ1995 ጀምሮ የሞቱትን ከ7,000 እስከ 10,000 ገምቷል። ጀልባውን የሚያሳድደውና ሬሳውን የሚያነሳው ያው አንዱ ዣንዳርም ነው።

የሚሄዱት ለምንድን ነው? አንድ ሆስፒታል ይበቃል። በማዮት፣ ማሙድዙ ከተማ ያለው ማዋለጃ በዓመት ወደ 10,000 የሚጠጉ ልጆች የሚወለዱበት፣ በመላው ፈረንሳይ በብዛት የሚስተካከለው የሌለ ነው፤ ከወላዶቹ ብዙዎቹ ኮሞሮሳውያን ናቸው። በ2017 የማዮት ነዋሪ 256,518 ነበር፤ ከዚህ ግማሽ ያህሉ የውጭ ዜጋ ተብሎ ተቆጥሯል። የውጭ ዜጋ የተባለው ሰው የአጎት ልጁ ቤት ያደረ፣ ቋንቋውን የሚናገር፣ አንድ መስጊድ የሚሰግድ መሆኑን ስታቲስቲክሱ አይጠይቅም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከኮንጎ፣ ከብሩንዲና ከሶማሊያ የተነሱ ስደተኞችም ይህን መንገድ ይዘዋል። በኅዳር 2024 ሶማሊያውያንን የጫኑ ጀልባዎች በማዳጋስካር ጠረፍ አደጋ ደርሶባቸው ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል። መድረሻቸው ማዮት ነበረች።

በዚህ መሐል የሞሮኒ መንግሥት በ2008 ባወጣው ሕግ የራሱን ዜግነት መሸጡ ይታወሳል፤ ገዢዎቹ በኤምሬትስና በኩዌት አገር አልባ የሆኑትን ሰዎች ወረቀት ለማስያዝ የፈለጉ ነበሩ። የገንዘቡ መንገድ ጠፍቶ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሳምቢ በ2022 በዚሁ ጉዳይ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸዋል። ፓስፖርቱን አቡ ዳቢ ላይ የሚገዛው ሲገኝ የገዛ ዜጋው ሌላ ወረቀት ፍለጋ ባሕር ይገባል።

ታላቋ ደሴትም አርጅታ አላረፈችም። በግንቦት 2018 ማዮት መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሰዎች ውጭ አደሩ። ከዓመት በኋላ የምርምር መርከብ ሄዶ ሲያይ ከደሴቲቱ 50 ኪሎ ሜትር ምሥራቅ፣ 3,500 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ቁመቱ 800 ሜትር ገደማ የሆነ አዲስ እሳተ ገሞራ ተወልዷል፤ ፋኒ ማኦሬ ተባለ። ቅልጥ ድንጋዩ ከሥሯ ወጥቶ ባዶ ቦታ ስላስቀረ ማዮት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብላለች፤ ጥቂትም ወደ ምሥራቅ ተንሸራታለች። ከሌሎቹ ሦስቱ ርቃ ማለት ነው፤ ለፓሪስ ደጋፊዎች ተፈጥሮም ድምፅ ሰጠች ብሎ መቀለድ ይቻላል።

ታኅሣሥ 14 ቀን 2024 ቺዶ የተባለው አውሎ ነፋስ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እየነፈሰ ማዮት ላይ አረፈ። የፈረንሳይ መርከቦች የተመኙት የኮራል አጥር ማዕበል ይሰብራል እንጂ ነፋስ አይመልስም። በኮረብቶቹ ላይ ከቆርቆሮ የተሠሩት ሰፈሮች ተጠርገው ሄዱ። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆነው ተከፍተው ነበር፤ ወረቀት የሌላቸው ብዙዎች ግን ለመያዝ የተዘጋጀ ወጥመድ መስሏቸው አልገቡም። መንግሥት የቆጠራቸው ሟቾች 40 ገደማ ናቸው። ሙስሊም ሟቹን በዚያው ቀን ስለሚቀብር፣ ያልተመዘገበ ሰውም ስለማይጠየቅ፣ ቁጥሩን ብዙ ሰው አላመነውም።

ነፋሱ ባለፈ ማግስት በየኮረብታው የመዶሻ ድምፅ ተጀመረ። የተጣመመውን ቆርቆሮ አቅንተው፣ የወደቀውን እንጨት ተክለው፣ በቀናት ውስጥ ብዙዎቹ ጣሪያ አበጁ። ፓሪስ በየካቲት 2025 ለማዮት መልሶ ግንባታ አስቸኳይ ሕግ አወጣች። በግንቦት ደግሞ እዚያ ከውጭ ዜጎች የሚወለድ ልጅ በትውልድ ቦታው ፈረንሳዊ መሆን የሚችለው ሁለቱም ወላጆቹ ቢያንስ ለአንድ ዓመት በሕጋዊ ፈቃድ የኖሩ ከሆነ ነው የሚል ሕግ ጸደቀ። በየካቲቱ ሕግ ውስጥ ስለ ቆርቆሮም ተጽፏል፤ ማዮት ላይ ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው መታወቂያውንና አድራሻውን የሚያረጋግጥ ወረቀት ለሻጩ ማሳየት አለበት።